የመርከብ ጭስ ዋስ

ሰው ቀጠሮን የሚያስበው አንድ ነገር የሚፈጸምበት ቀን አድርጎ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስታዘብ የደረስኩበት ሌላ ነው፤ ቀጠሮ ማለት አንድ ነገር እንዳይፈጸም በጨዋ ደንብ የሚደረግበት ዘዴ ነው። «አልፈልግም» ያለ ሰው ባለጌ ይባላል። «እስቲ ለከርሞ እንየው» ያለው ግን አስተዋይ ነው፣ አርቆ አሳቢ ነው፣ ስብሰባ ላይ ወንበር ይለቀቅለታል። እኔ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ደጃፍ ያለው ጉድጓድ «በሚቀጥለው በጀት ይደፈናል» ሲባል ከርሞ አሁን ባጃጅ የሚውጥ ሆኗል። ይደፈን ሲባል የተቃወመ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ተስማምቷል። የጠፋው ቀኑ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ስለ መርከብ ጭስ ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፤ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ደሴ ተራራ ላይ ናት። ከባሕር ጋር የሚያገናኛት ነገር ቢኖር ከታች ኮምቦልቻ ያለው ደረቅ ወደብ ነው፤ ወደብነቱ አለ፣ ውሃው ነው የሌለው። ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴነር እዚያ ይራገፋል፣ እኛም ከውስጡ የወጣውን ስኒና የስልክ ቻርጀር ተከራክረን ገዝተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ስኒው የተጫነበት መርከብ ምን ሲያነድ እንደመጣ፣ ጭሱስ የት እንደገባ የጠየቀ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። የእህቴ ልጅ ሊያገባ እስኪነሳ ድረስ።

ናሆም ይባላል። ገና ዳዴ ሲል አባቱ ስለሞተበት ያሳደግነው እናቱና እኔ ነን፤ ስለዚህ ስለ እሱ ሳወራ ባዳላ ይቅር በሉኝ። የመርከብ ሞተር ተምሮ፣ በሰው አገር መርከብ ተቀጥሮ፣ ዓመቱን ከሞላ ጎደል ባሕር ላይ ያሳልፋል። እረፍቱን ደሴ መጥቶ ያሳልፋል እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር የሚውለው ኮምቦልቻ ነው፤ ጽዮን ያለችው እዚያ ነው። የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ኅብረት ውስጥ ነው። ይህች ልጅ ሁለት ጉዞ ጠብቃዋለች። ለሦስተኛው ሳይጋቡ ከሄደ እሷ ከዚህ በላይ እንደማትጠብቅ፣ እሱም ጠብቂኝ ለማለት ፊት እንደሌለው፣ ሁለቱም ለየብቻ መጥተው ነግረውኛል። መርከቡ እሱን ለሥራ የሚጠራው ደግሞ ከገና በፊት ነበር።

ስለዚህ ባለፈው መስከረም ሽማግሌ ሆነን ተነሳን። ሦስት ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ጎረቤታችን ቄስ ሙላት ናቸው፤ ዝም ብለው በመቆማቸው ብቻ ነገሩን ክብር የሚያለብሱ ሰው። ሦስተኛው ሐጂ ይማም ናቸው፤ ከአጥር ጎረቤትነት አልፈው ናሆምን ትከሻቸው ላይ አዝለው ያሳደጉ፣ አፋቸው እረፍት የማያውቅ፣ የሁለት የጭነት መኪና ባለቤት። ከሁለቱ መኪኖች አንዷ ገና ዕድሜዋ ደህና ነው፣ ጭሷም ለክፉ አይሰጥም። ሌላዋ፣ አረንጓዴዋ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ ያለው ሹፌር በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራል። የነዳጅ ፖምፓዋ መሠራት እንዳለበት ሐጂ ራሳቸው ያውቃሉ። «ከዚህ ጭነት በኋላ» ሲሉ ናሆም ፊደል ከቆጠረ ጀምሮ ባሕር እስኪገባ ድረስ ሰምቻቸዋለሁ።

ልጅ ልንጠይቅ የሄድነው በዚችው በአረንጓዴዋ ነው። እኔ ሚኒባስ እንያዝ ብዬ ለምኜ ነበር። ሐጂ መኪና እያላቸው መናኸሪያ ሲጋፉ መታየት አልፈለጉም። ኮምቦልቻ የጽዮን አባት የአቶ ጌታሁን በር ላይ ስንደርስ፣ ሐጂ መኪናዋን አስተካክለው ሊያቆሙ ነዳጅ ረገጡ፣ ጭሱም ከእኛ ቀድሞ በአጥሩ ላይ ዘሎ ገባ። ግቢው ውስጥ ታጥቦ የተሰጣ ነጭ አንሶላ ነበር። «ነበር» ነው የምለው።

አቶ ጌታሁን ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሰው ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ የቦይለር እሳት ሲመግቡ ኖረዋል፤ በወፍራሙ ጥቁር ነዳጅ። አሁን ደረታቸው ውስጥ ፉጨት አለ፣ ትንሽ ተናግረው አረፍ ይላሉ። አንሶላውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ግቡ አሉን። እንደ ደንቡ «የመጣንበትን ሳይሰሙን አንቀመጥም» ብለን ቆምን። ልጅዎን ለልጃችን አልን። አቶ ጌታሁን ልጁን እንደሚያውቁት፣ ምግባሩም መዝሙሩም ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ፤ ከዚያ አረፍ ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ምንድን ነው የሚያነደው?»

እኔ ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ቤት ቆሜያለሁ። ዘሩ ማን ነው ተብያለሁ፣ ይጠጣል ወይ ተብያለሁ። ልጃችሁ ምን ያነዳል ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ቄስ ሙላት ጣሪያውን አዩ። ሐጂ እንኳ መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞሩ፣ ይህም በታሪካቸው ያልተለመደ ነው። አቶ ጌታሁን «ጠይቃችሁ ኑ» ብለው ቀጠሮ ሰጡን፣ እኛም በመጣንበት ጭስ ተመለስን።

ናሆም የነገረኝን ይዘን በቀጠሯችን ሄድን። ብዙዎቹ መርከቦች፣ የእሱም ጭምር፣ የሚያነዱት ሬንጅ የመሰለ ነዳጅ ነው፤ ሳያሞቁት አይፈስም፣ ከማጣሪያው የተረፈ አተላ ማለት ነው። ይህን ስናገር አቶ ጌታሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነዳጁን ከነሽታው ያውቁታል። ሚስታቸው በራፉ ጋ ቆመው ነበር፤ አቶ ጌታሁን ወደ እሳቸው አመለከቱ።

«ማታ ማታ ደረቴን የምታሸው እሷ ናት፣ ይኸው ዓመታት። ልጄ ያንን እጅ እንድትወርስ አልፈልግም።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ብነሳና ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ምን ይባላል? ግን የናሆም ፊት ድቅን አለብኝና ሌላውን ያወቅኩትን አወጣሁ። ይህ ነዳጅ ሊቀር ነው አልኩ። የዓለም መንግሥታት የመርከብን ጭስ የሚዳኝ ሕግ አርቅቀዋል፤ ምድርን የሚያሞቀው ይኸው ጭስ ስለሆነ ከልኩ በላይ ያጨሰ መርከብ ይከፍላል፣ ንጹሕ ነዳጅ የያዘ ይደገፋል፤ ረቂቁን ተስማምተውበታል፤ በጥቅምት ተሰብስበው ማጽደቅ ብቻ ነው የቀራቸው።

አቶ ጌታሁን ዓይናቸውን ገለጡ። ደጋን በሚባል አገር የሚያርሰው ወንድማቸው ማሽላው በዝናብ መዛባት ከእጁ እየወጣ ስለሆነ የምድር ሙቀት ነገር ለእሳቸው ወሬ አይደለም። በሕጉ ላይ መስቀለኛ ጥያቄ ያዘንቡብኝ ጀመር። መርከቡ የማን ነው? ባለቤቱ የአንድ አገር ሰው ነው። ባንዲራውስ? ባለቤቱ ረግጦት የማያውቅ የአንድ ደሴት ባንዲራ ነው፣ ለምዝገባ ስለሚቀል። ሠራተኛው? ከየአገሩ። ጭነቱ? የእኛ ስኒ።

«ታዲያ ጭሱ የማን ነው?»

ለዚህ እኮ ነው ጉባኤ ያስፈለገው፣ አልኩ። ደህና አልኩ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። ሕጉ የጸደቀ ዕለት ልጃቸውን ሊሰጡ፣ እስከዚያ ግን የአንሶላውም የሠርጉም ነገር እንዳይነሳ። ይህ መጥፎ ቀጠሮ አልነበረም። አመስግኖ መውጣት ነበር የቀረን። ግን ሐጂ ይማም ቤቱ ውስጥ አሉ። ሐጂ ከማንም ቤት ያልተቋጨ ነገር ይዘው መውጣት ያማቸዋል።

«አብሽሩ፣ ይጸድቃል። ያን ያህል መንግሥት ተሰብስቦ በባዶ ይነሳል? ወላሂ፣ ዋሱ እኔ ነኝ።»

እግራቸውን ረገጥኩ፣ ጊዜው አልፎ ነበር። ቄስ ሙላት በረጅሙ ተነፈሱ። እናንተ የአገሩን ደንብ ለምታውቁ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል እንዳልል፣ ከሌላ አገር ያላችሁም ትኖራላችሁና ልንገራችሁ፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሆኖ ዋስ ነኝ ያለ ሰው ቃሉ ከአፉ ሲወጣ አንገቱን አብሮ ይሰጣል። ዋስ የተጠራለት ሰው ቢጠፋ ዋሱ በቦታው ይቆማል። ባይቆም እስላም ክርስቲያኑ በቅሬው፣ በእድራችን ማለት ነው፣ የሚያየው ዓይን አለ፣ እዚያ ዓይን ፊት መኖር አይቻልም። ሐጂ ይህን እያወቁ፣ ባሕር አይተው የማያውቁ ሰውዬ፣ ለዓለም መንግሥታት በሙሉ ዋስ ሆኑ።

ጥቅምት ሲገባ ጉባኤው ተቀመጠ። ሐጂ በየማለዳው ፎቶ ኮፒ ቤቴ እየመጡ «ምን አሉ?» ይሉኛል፤ እኔ በስልኬ የማገኘውን እያነበብኩ እነግራቸዋለሁ። አንዱ አገር ሕጉ ደሃ ይጎዳል አለ። ሌላው ሀብታም ይጎዳል አለ። አንዱ በጣም ጠንካራ ነው፣ ሌላው በጣም ልል ነው አለ። ሌላው አስፈራራ፣ ሌላው ፈራ። ማንም ግን ጭስ ጥሩ ነው አላለም። መጨረሻ ላይ ድምፅ ሰጡ። በምን ላይ መሰላችሁ? ጉዳዩን ለዓመት በማስተላለፍ ላይ። ላለመወሰን በድምፅ ብልጫ ወሰኑ።

ተናደድኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ የመጣ ሰው ላይ ጮኽኩበት፤ ሰውየው የጠየቀኝ ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከየዓለሙ ተጠርተው፣ ሆቴል ተይዞላቸው፣ በየቋንቋቸው እየተተረጎመላቸው፣ የደጃፌን ጉድጓድ ያህል ሥራ ሠርተው ተበተኑ። ከሁሉ የከፋው ለጽዮን መንገሩ ነበር። ስልክ ደውዬ ነገርኳት። «ሻንጣውን ያዘጋጅ በሉት፣ ጋሼ» አለችኝ። ስልኩንም ዘጋችው።

ለሦስተኛ ጊዜ ወረድን። ሐጂ በዚህ ቀን ለአረንጓዴዋ አፍረው ከሰፈሩ ማዶ አቁመዋት በእግራችን ሄድን። አቶ ጌታሁን በር ላይ ሲቀበሉን ድምፅዋን ከሩቅ እንደሰሙት ነገሩን። ገባን፣ ቆምን። ይቅርታ ጠየቅን፣ ስለ ማን ጥፋት እንደጠየቅን ግን እኔ እስካሁን አልገባኝም። ጉባኤው ዓመት ስላስተላለፈ እሳቸውም ዓመት ያስተላልፉ ይሆናል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ አቶ ጌታሁን ወደ እኔ አልዞሩም። ወደ ሐጂ ዞሩ።

«መንግሥታቱን ኮምቦልቻ ድረስ ልጠራቸው አልችልም። ዋሱ ግን ቤቴ ቆመዋል።»

የፈለጉት አጭር ነበር። መርከቦቹ እስኪጸዱ ዋሳቸው ይጽዱ። አረንጓዴዋ ፖምፓዋ ተሠርቶ፣ ጭሷ ጠፍቶ፣ በዚህ በር ያለፈች ዕለት ጽዮን ትዳራለች። ካልሆነም ጉባኤው እስኪመለስ እንጠብቃለን፣ ናሆምም መርከቡን ይያዝ፣ ጽዮንም መንገዷን።

አሁን ሐጂ የተናገሩትን ስሙልኝ፤ ምክንያቱም እኔ ያን ቀን ነው ራሴን ይዤ መሬት የተቀመጥኩት። ሐጂ መጠገኑን በመርህ ደረጃ እንደማይቃወሙ ገለጹ። ግን ለምን የእሳቸው ብቻ? በዚህ መንገድ ከእሳቸው የባሰ የሚያጨሱ ስንት መኪኖች ያልፋሉ፣ እነሱ መጀመሪያ ይጠገኑ። ደግሞ እሳቸው ምን ያህል ያጨሳሉ? ከሰማዩ ስፋት አንጻር ኢምንት ነው። ደግሞ እህል የምታጓጉዝ መኪና ብትቆም የሚጎዳው ደሃው ነው። ደግሞ ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል፣ መካኒኮቹ አልተስማሙም፣ አንዱ ፖምፓ ነው ይላል፣ አንዱ ኖዝል ነው ይላል። ስለዚህ ጊዜ ይሰጣቸው። ለከርሞ።

አቶ ጌታሁን ትንፋሻቸውን ሰብስበው እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

«ሐጂ፣ እርስዎ እዚያ ጉባኤ ላይ ነበሩ እንዴ?»

የሳቀ የለም። የጽዮን እናት ብቻ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ስንመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ አረንጓዴዋ እንደ ልማዷ አጨሰች፤ ነፋሱ ከኋላ ነበርና ጭሷን በመስኮት መልሳ ለራሳችን ሰጠችን። ሦስታችንም እንስላለን። ቄስ ሙላት፣ በሦስቱም ጉዞ ከሰላምታ በቀር ያልተናገሩት፣ አፋቸውን በጋቢያቸው እንደሸፈኑ አንድ ነገር አሉ።

«ዋስ ነኝ ብለዋል እኮ፣ ሐጂ።»

ሐጂ ለብዙ ቀን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴም ብቅ አላሉ፤ ስንገናኝ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው፣ እኔ ሕጉን ያረቀቅኩ ይመስል። አረንጓዴዋም ከደጃቸው ጠፋች። ናሆም ሻንጣውን እየሞላ፣ እናቱ እያወጣች፣ ቤቱ የሐዘን ቤት መስሎ ሰነበተ። አንድ ማለዳ ግን የታወቀ ድምፅ ሰምተን ወጣን። ድምፁ የአረንጓዴዋ ነው፣ ጭሱ ግን የለም። ሐጂ አንገታቸውን በመስኮቷ አውጥተው የሆነ ነገር እንደሰረቁ ሰው ዙሪያቸውን ያያሉ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ማርሚታዋን፣ የጭሱን መውጫ፣ ከበበ። ከናሆም በቀር፤ እሱ ሻንጣውን ጥሎ የሐጂ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

ኮምቦልቻ ስንደርስ አቶ ጌታሁን በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አወጡ፣ ጎንበስ ብለው ማርሚታው አፍ ላይ ያዙት፣ ሐጂን ነዳጅ እንዲረግጡ ጠየቁ። ረገጡ። መሐረቡን አንስተው አገላብጠው አዩት። ነጭ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ዳመና ቢጤ ነገር አለው። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን።

ሠርጉ በኅዳር ተደረገ። ድንኳኑንና ወንበሩን ያመላለሰችው አረንጓዴዋ ናት፤ መዘምራኑ በዘመሩበት ግቢም ነጭ አንሶላ ተሰጥቶ ነበር፣ የጽዮን እናት ሆን ብለው እንዳሰጡት እጠረጥራለሁ። በመካከል ከአቶ ጌታሁን አጠገብ ስቀመጥ ሲያንገበግበኝ የቆየውን ጠየቅኳቸው። መርከቡ ያው ነው፣ ነዳጁ ያው ነው፣ ናሆም ነገ ተመልሶ የሚገባው እዚያው ሞተር ክፍል ነው። ታዲያ ለምን ሰጡ? ፉጨታቸው እስኪያርፍ ቆየሁ።

«እኔ ያንን ቦይለር ሳነድ አለቆቹ በየዓመቱ ጭሱን እናስተካክላለን ይሉኝ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዳቸውም ግን ቃሉ አሳፍሮት አላየሁም። ልጄን የሰጠሁት ለመርከቡ አይደለም፤ ቃሉ ለሚያሳፍረው ሰፈር ነው።»

ከዚህ በኋላ ስለ ጉባኤው ሳስብ ንዴቴ መልኩን ለወጠ። ሊቃውንት አላጡም፣ ረቂቅ አላጡም፣ አዳራሽ አላጡም። ያጡት፣ ሲመለሱ ሰፈሩ በዓይኑ የሚቀበላቸው አንድ ሐጂ ይማምን ነው። በመርከብ ጭስ ጉዳይ በዚያ ዓመት በዓለም ላይ የተቀጣ አንድ ፍጡር ቢኖር፣ እሷም ባሕር አይታ የማታውቅ የኮምቦልቻ መንገድ አረንጓዴ መኪና ናት። ይህን ስነግራችሁ ያስቃል፤ እኔን ግን ስቄ ሳበቃ ያናድደኛል።

ናሆም ባሕር ላይ ነው። እሑድ እሑድ ሲደውል ጽዮን ስልኩን ለአባቷ ትሰጣለች። አቶ ጌታሁን ደህና ነህ ወይ ከማለታቸው በፊት «አሁንም ያንኑ ነው የምታነዱት?» ይሉታል። «አዎ፣ አባባ» ይላል። ባለፈው እሑድ እኔም እዚያ ነበርኩ። ስልኩን ለልጃቸው ከመለሱ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። ጉባኤው በጥቅምት ተመልሶ እንደሚቀመጥ ሰምተዋል።

«ዘንድሮም ካስተላለፉት» አሉኝ፣ «ዋሱ ሁለተኛ መኪና ነበራቸው አይደል?»

መልእክቱን ለሐጂ አደረስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመላው ወሎ የዓለም መንግሥታትን ስብሰባ እንደ ሐጂ ይማም በጭንቀት የሚጠብቅ ሰው የለም። ከዱዓቸው መጨረሻ ላይ ለመንግሥታቱ አላህ ልብ እንዲሰጣቸው ይለምኑላቸዋል።